ድንች በካሊፐር የለኩት ባለሙያ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው አባታችን፣ አጎታችንና መምህራችን፣ በሥራ ቦታቸውም፣ በሰፈራቸውም፣ በገዛ ቤታቸውም ሳይቀር ጋሽ ሚሊ እየተባሉ የሚጠሩት የቶርኖ፣ ማለትም የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ባለሙያ፣ በሕይወት ሳሉ ረጅም ንግግር የሚጠሉ፣ ሰው ንግግር ሲያበዛም ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡ ስለነበሩ፣ ይህን የሚያነበው የእህታቸው ልጅ ጽሑፉን ለማሳጠር ብዙ ደክሟል። አልሆነለትም፤ ጥፋቱ ግን የጸሐፊው ሳይሆን ብዙ የሠሩት የእሳቸው ነው።

ጋሽ ሚሊ ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ከሚዛን ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከስድስት ልጆች አራተኛ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው የየሱቁን ሚዛን እየፈቱ የሚያስተካክሉ፣ ሚዛኑን ያዛባ ነጋዴ በሩቅ ሲያያቸው መንገድ የሚቀይርላቸው፣ ቀጥተኛና ጥቂት ግትር ሰው እንደነበሩ ይነገራል። በዚያ ቤት ዳቦ ለስድስት ልጆች ሲቆረስ በየቀኑ ጠብ ይነሣ ስለነበር፣ ጋሽ ሚሊ ገና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ ማስመሪያቸውን ከደብተራቸው መካከል አውጥተው፣ ዳቦውን በእርሳስ ምልክት እያደረጉ፣ ስድስት ቦታ እኩል እያደረጉ መቁረጥ ጀመሩ። ጠቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆመ፤ ዳቦው ግን እርሳስ እርሳስ ይል እንደነበር ታላቅ እህታቸው፣ የዚህ ጽሑፍ አንባቢ እናት፣ እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት፣ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ፣ በመዝሙር ደግሞ ያለ ተወዳዳሪ መጨረሻ ሆነው ካጠናቀቁ በኋላ ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያም ለጀማሪ ሁሉ እንደሚሰጠው ሥራ፣ አንድ ቁራጭ ብረት በሞረድ ብቻ እየሞረዱ ስድስት ፊቱ እኩል የሆነ ኩብ እንዲያደርጉት ታዘዙ። ጓደኞቻቸው በአንድ ሳምንት ጨርሰው ሲያስረክቡ እሳቸው ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው፤ መምህሩም ኩቡን ለኩት፣ ገልብጠው ለኩት፣ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ለኩት፣ በመጨረሻም ውጤት መስጠቱን ረስተው በገዛ ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኩቡ እየወጣ ለአዳዲስ ተማሪዎች ምሳሌ ሆኖ ይታይ ነበር። ጋሽ ሚሊ በዘመናቸው ካገኙት ምስክር ወረቀት ሁሉ በዚህ ይበልጥ ይኮሩ ነበር፤ በስተእርጅና ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ያሳሳታቸውም ይኸው ኩብ ነው፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

በሃያ ዓመታቸው በከተማው አውቶቡስ ጋራዥ፣ በቶርኖ ክፍል ተቀጥረው፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው መስኮት ሥር፣ በዚያው ማሽን ላይ አርባ ዓመት ሠሩ። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ የወጣ ነው፤ ሥራውን ይዞ የመጣ ሁሉ «ጋሼ፣ ትንሽ ይቀረዋል» ሲላቸው «ትንሽ ስንት ናት? ሚሊውን ንገረኝ» ስለሚሉ፣ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ በግልጽ፣ በመጨረሻም በደመወዝ መዝገብ ላይ ሳይቀር በቅንፍ ጋሽ ሚሊ ተባሉ። መለዋወጫው እስኪመጣ ዓመት ይፈጃል የተባለለትን የአንድ አውቶቡስ ዘንግ፣ ከተጣለ አሮጌ ብረት ቆርጠው በአራት ቀን ሠርተው ሲያስገቡት፣ አውቶቡሱ ተነሥቶ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሰው አመላልሷል። እሳቸውም ከሥራ ሲወጡ ሌሎቹን አውቶቡሶች እያሳለፉ ያን አንዱን ይጠብቁ፣ ሲሳፈሩም ባዶ ወንበር እያለ ልክ ከዘንጉ በላይ ባለው ቦታ ቆመው ድምፁን እያዳመጡ ይሄዱ ነበር። አለቃ ሆነው ወደ ቢሮ እንዲገቡ ሁለት ጊዜ ቢጠየቁም «ቢሮ ውስጥ የሚለካ ነገር የለም» ብለው እምቢ አሉ። ብዙ ባለሙያ አሠልጥነዋል፤ አንዳቸውም ግን ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ከአፋቸው አግኝቶ አያውቅም። የሁሉም መልስ «ራስህ ድረስበት» ነበር፤ ዛሬ ሽበት አብቅለው በዚህ የተሰበሰቡት ደቀ መዛሙርታቸው ሲሰሙት አሁንም ጥቂት ያማቸዋል።

ከባለቤታቸው ጋር ያስተዋወቃቸው አንዲት ብሎን ናት። በጋራዡ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት የነበሩት፣ ዛሬ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ባለቤታቸው፣ ቁልፉን ሳያዩ፣ ከመጣው ሰው ጋር እየተጨዋወቱ፣ ሙሉ ገጽ ያለ አንድ ስሕተት የሚመቱ፣ ከመልካቸው በፊት ጣቶቻቸው የሚታወቁ ሴት ነበሩ። ከጽሕፈት መኪናቸው አንዲት ብሎን ወልቃ ስትጠፋ ጋሽ ሚሊ ምትኳን እንዲሠሩ ተጠሩ። ያን ትልቅ ዘንግ በአራት ቀን የሚጨርስ እጅ፣ የጥፍር ግማሽ ለማታክል ብሎን «ልኳን አንድ ጊዜ እንደገና ልየው» እያለ ለሁለት ሳምንት ተመላለሰ። እትዬ ነገሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገብቷቸው ስለነበር፣ በሁለተኛው ዓርብ «ብሎኗስ አፈረች፤ የምትለኝን በለኝና ሥራዬን ልሥራ» አሏቸው። በዓመቱ ተጋቡ፤ አርባ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ኩሽናው ሁለት ሰው ሲገባበት አንዱ መውጣት ያለበት፣ ሳሎኑ ግን መስኮቱ ሰፊ፣ ጠረጴዛውም ከሳሎኑ የሚበልጥ ነው። ጠረጴዛውን የሠሩት ጋሽ ሚሊ ናቸው፤ ሲታጠፍ ለአራት፣ ሲዘረጋ ለአሥራ ሁለት ሰው ይበቃል፤ የእሑድ ምሳ ሲደርስ ደግሞ ሁልጊዜ ይዘረጋል። የዚያ ጠረጴዛ ንጉሥ የእትዬ የድንች ሰላጣ ነበር። ድንቹን ቅዳሜ ከነልጣጩ በጨው ውኃ ቀቅለው ያሳድሩታል፤ እሑድ ጠዋት ልጠው ይከትፉትና አቼቶ ረጭ ያደርጉበታል፤ ካሮቱን፣ አተሩን፣ የተቀቀለውን እንቁላልና በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረውን ቀይ ሽንኩርት ይጨምሩበታል። ማዮኔዝ ከሱቅ ገዝተው አያውቁም፤ አስኳሉን ከሰናፍጭና ከሎሚ ጋር እየመቱ ዘይቱን ጠብ ጠብ እያደረጉ ራሳቸው ያወጡታል። ሰላጣው ሲደርስ ወፈር፣ ለስለስ ያለ፣ ማንኪያ ቢሰኩበት ቆሞ የሚቀር ነበር። ጎረቤቱም፣ የጋራዡም ሰው፣ የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊም «እንዲያው ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው» እያለ ልክ በምሳ ሰዓት ይመጣ ነበር። በዚህ ሁሉ የጋሽ ሚሊ ድርሻ ጎድጓዳውን ሳህን ከኩሽና ተሸክመው ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥና «እስቲ ዛሬ የእኔን ሰላጣ ቅመሱልኝ» ማለት ብቻ ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት የእትዬ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሞች ለበሽታው ስም፣ ለእሳቸውም መድኃኒት ሰጥተው፣ ይዘገይ ይሆናል እንጂ አይቆምም አሏቸው። እትዬ በመጀመሪያ እንደ ቀልድ ያዙት፤ «ታይፑ ነው፣ እጄ አሁንም ሥራ ላይ ያለ መስሎት ነው» ይሉ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በአንድ የዘመድ ሠርግ ላይ ሹካቸው ከአፋቸው ሳይደርስ ተንቀጥቅጦ ምግቡ ልብሳቸው ላይ፣ ከፊሉም አጠገባቸው በተቀመጠችው እንግዳ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። አንድም ሰው አልሳቀባቸውም፤ ይልቁንም በጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ አቀርቅሮ የገዛ ሳህኑን ማየት ጀመረ። እትዬን የሰበራቸው ይህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰው ፊት አልበላም አሉ፤ መኝታ ቤት በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን ይበሉ ጀመር። ሰላጣውም ቀረ፤ ጠረጴዛው ተጣጥፎ የጋዜጣና የመድኃኒት ማስቀመጫ ሆነ፤ «ሰላም ልበላችሁ» ባዩም ቀስ በቀስ በስልክ ሰላም ማለት ጀመረ። መምጣት ካቆሙት አንዱ የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ነው፤ ይህን ሲያነብ ያፍራል።

ያን ጊዜ ጋሽ ሚሊ ጡረታ ወጥተው አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚህ ዓለም ላይ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እትዬ ተመልሰው በዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሰው ጋር፣ አንገታቸውን ሳይደፉ እንዲበሉ። በምክር አልሞከሩትም፤ ባለቤታቸውን ያውቁ ነበርና። በልመናም አልሞከሩትም፤ ልመና አይችሉበትም ነበርና። ሰላጣው ከተመለሰ ሰዉ ይመለሳል፣ ሰዉ ከተመለሰ እሷም ትመለሳለች ብለው አሰቡ፤ በስድሳ አራት ዓመታቸውም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የኩሽና ሽርጥ አሰሩ። ሽርጡ የጋራዥ ነበር፤ ታጥቦ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ የመጀመሪያውን ሰላጣ ያየ አይረሳውም። ጋሽ ሚሊ ካሊፐራቸውን፣ ያን የብረት ውፍረት በሚሊሜትር የሚለኩበትን መሣሪያ፣ በአልኮል ጠርገው፣ እያንዳንዱን የድንች ቁራጭ አሥር ሚሊሜትር በአሥር ሚሊሜትር በአሥር ሚሊሜትር አድርገው ቆረጡት፤ ከልኩ ያነሰውን፣ የተሸረፈውንና የፈረሰውን ሁሉ እንደ ጋራዥ ውዳቂ ለይተው ጣሉት። ሥራው ከጠዋት አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ፈጀ። በሳህኑ ላይ ሲደረደር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዓይን ይማርክ ነበር፤ ያ መምህራቸው በሕይወት ቢኖሩ ይህንንም ቁም ሳጥን ውስጥ በቆለፉበት። ማዮኔዙ ግን ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርደው ከድንቹ ላይ ተንሸራትቶ ሄዶ ከሳህኑ ሥር ተኛ። ጋሽ ሚሊ አንድ ሳህን ይዘው መኝታ ቤት ገቡ። እትዬ ጥቂት ቀመሱና «ድንቹም ጥሩ ነው፣ ማዮኔዙም ጥሩ ነው፤ ግን አልተዋወቁም» አሏቸው።

ጋሽ ሚሊ ጥፋቱን በማዮኔዙ ላይ አመካኙ። ድንቹ በልኩ ነዋ፤ በልኩ የሆነ ነገር ደግሞ ሊያጠፋ አይችልም። ስለዚህ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ማዮኔዙን አንዴ ሲያወፍሩት፣ አንዴ ሲያቀጥኑት፣ አንዴ ሎሚ ሲጨምሩበት፣ አንዴ ሲቀንሱለት፣ ውጤቱንም ሰንጠረዥ አስምረው በደብተር ሲጽፉ ቆዩ። ዘይቱ በብዛት እየፈሰሰ አስኳሉ ሲበተንባቸው ጊዜ ደግሞ፣ ማሽን ዘይት የሚጠጣበትን፣ አፍንጫው ረጅምና ቀጭን የሆነውን የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ፣ አዲስ ገዝተው፣ ሦስት ጊዜ አፍልተው አጥበው፣ ከታች ያለውን መጫኛ በጣታቸው እየጫኑ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ማድረግ ጀመሩ። ድምፁ እትዬን ከመኝታ ቤት አወጣቸው። በኩሽናው በር ላይ ቆመው ባላቸውን በጋራዥ ሽርጥ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው፣ የማሽን ማንቆርቆሪያ ይዘው አስኳል ላይ አጎንብሰው ሲያዩዋቸው «ሰላጣ ልትሠራ ነው ወይስ አውቶቡስ ልታስነሣ?» ብለው፣ በሩን ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ያን ሳቅ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት የሰማው አልነበረም። ጋሽ ሚሊ ሄደው በርጩማ አምጥተው በሩ አጠገብ አስቀመጡላቸው። ማንቆርቆሪያው ግን ሥራውን በሚገባ እንደሠራ፣ ማዮኔዙም ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ተበትኖ እንደማያውቅ ለክብራቸው ሲባል እንገልጻለን።

እትዬ ስሕተቱን ከመጀመሪያው ሳህን ጀምሮ ያውቁት ነበር። ፋርማሲስቷ ልጃቸው «ታዲያ ለምን አትነግሪውም? አባዬ'ኮ በድካም ሊሞት ነው» ስትላቸው «አርባ ዓመት ሰውን ሁሉ ራስህ ድረስበት ሲል ኖሯል፤ እስቲ እሱም ይድረስበት» አሏት፤ ይህ ሲነበብ የጋራዡ ሰዎች ደስ እንደሚላቸው እርግጠኞች ነን። ይሁን እንጂ ከዚያ እሑድ በኋላ በርጩማው ባዶ ሆኖ አያውቅም። እትዬ ስሕተቱን አይነግሯቸውም እንጂ፣ ተቀምጠው «ሽንኩርቱን አደቀቅኸው»፣ «ጨው ረሳህ»፣ «ኧረ ቀስ፣ ማንም አያባርርህም» ማለትን አልተዉም። ጋሽ ሚሊ የተነገራቸውን ሁሉ እየፈጸሙ፣ በውስጣቸው ግን ሴትዮዋ መኝታ ቤት አለመሆኗን እየቆጠሩ ይደሰቱ ነበር።

በአሥረኛው እሑድ አንድ ድንች ከልክ በላይ በስሎ ኖሮ በእጃቸው ላይ ፈረሰ። ጋሽ ሚሊ እንደ ልማዳቸው ወደ ውዳቂው ሊጥሉት ሲያነሡ እትዬ «አትጣለው!» ብለው ከበርጩማው ተነሡ፤ ድንቹን ከእጃቸው ነጥቀው፣ በሚንቀጠቀጠው ቀኝ እጃቸው ጨብጠው ሳህኑ ላይ አፍረከረኩት። ሌላ እጅ ተለማምዶም የማይችለውን ያ እጅ ሳይታዘዝ አደረገው፤ ፍርፋሪው እንደ ተነፋ ዱቄት በየቦታው እኩል ተዳረሰ። «ሁሉንም እኩል ካደረግኸው ማን ከማን ይያዛል? ጥቂቱ ይፍረስ እንጂ! ልስላሴው'ኮ ከዚህ ነው የሚመጣው» አሉ። ጋሽ ሚሊ አማሰሉት። ማዮኔዙ ፍርፋሪውን ይዞ፣ ፍርፋሪው ድንቹን ይዞ፣ ሰላጣው ወፈረ፤ ማንኪያውም ቆመ። ጋሽ ሚሊም «በዘጠኝ ሳምንት የጣልሁት ውዳቂ አሳዘነኝ» አሉ። በዚያኑ ሳምንት ያገኙትን ሰው ሁሉ አስቁመው እንዴት እንደተሳሳቱ ሲተርኩ ሰንብተዋል። ስሕተቱን በእንዲህ ያለ ኩራት የሚያወራ ሌላ ሰው አላየንም፤ ሚስታቸው ከኩባቸው በላይ ሆነው ተገኝተዋልና።

ከዚያ ወዲያ ማፍረክረኩ የእትዬ፣ የቀረው የጋሽ ሚሊ ሥራ ሆነ። ጠረጴዛው ተዘረጋ፤ ጎረቤቱ መጣ፤ የጋራዡ ሰው መጣ፤ ጸሐፊውም ሰላም ሊል መጣ። እትዬ ግን ከኩሽና አልወጡም። ጋሽ ሚሊ በየእሑዱ መጀመሪያ ከእሳቸው ጋር በኩሽና ውስጥ ቆመው አንድ ሳህን ይበሉ፣ ከዚያ ወጥተው እንግዳውን እንዳያሳፍሩ ደግሞ ከሁሉ ጋር ሌላ አንድ ሳህን ይበሉ ነበር። ሐኪማቸው ስለ ውፍረታቸው ሲቆጣቸው ምክንያቱን አልነገሩትም።

አንድ ጊዜ ጋሽ ሚሊ ወደ ቀድሞ ጋራዣቸው ሄደው፣ አስፈቅደው፣ ከማይዝግ ብረት መያዣው ከበድ ያለ ሹካ በቶርኖ ጠርበው አመጡ፤ ክብደቱ እጅን ያረጋጋል ብለው ነው። እውነትም አረጋጋ። እትዬ በኩሽና ውስጥ ሞክረውት ከሳህን ወደ አፍ ሳይፈስ ደረሰ፤ ጋሽ ሚሊም ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው የሳሎኑን ወንበር ሳብ አድርገው ጠበቁ። እትዬ ግን ሹካውን አገላብጠው አዩትና «እጄን አስተካከልክልኝ፤ የሰውን ዓይን ግን በቶርኖ አታስተካክለውም» አሏቸው። ጋሽ ሚሊ ወንበሩን መለሱት። ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ይህን ሲነግሩት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «መልሱን አላውቀውም» ሲሉ ሰማቸው፤ በዚያ ቀን ልባቸው አዝኖ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሰባት ዓመት አለፈ። ጋሽ ሚሊ ተስፋ አልቆረጡም፤ እትዬም ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ሰላጣውም አንድ እሑድ አልተቋረጠም። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ጋሽ ሚሊ የልጅ ልጆቻቸውን አሳድገዋል፤ ለሕንፃው ነዋሪ ሁሉ የተሰበረ ቁልፍ ጠግነዋል፤ በቀያሽነት ሩቅ አገር የሚሠራው ወንድ ልጃቸው በስልክ ሲደውል «ዛሬ ወጣልን» ወይም «ዛሬ ጥቂት ቀጠነብን» እያሉ ሪፖርት አድርገዋል። «ወጣልኝ» ብለው አያውቁም፤ ሁልጊዜ «ወጣልን» ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልባቸው መድከም ጀመረ። ደረጃውን በሁለት ዕረፍት፣ በኋላም በሦስት ዕረፍት ይወጡ ነበር፤ ሐኪሞች ዕረፍት ሲያዟቸው እሑድን እንደማይጨምር አስረድተው መጡ። ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ድንቹን ቀቅለው፣ ውኃውን አጠንፍፈው፣ ድስቱን መስኮቱ ሥር እንዲቀዘቅዝ አስቀምጠው፣ ጥቂት ደክሞኛል ብለው በእትዬ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ሲያናግሯቸው መልሳቸው ዘገየ። ወደ ሆስፒታል ተወስደው አስፈላጊው ሕክምና ሁሉ ቢደረግላቸውም፣ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወንድ ልጃቸው ከሩቅ እስኪደርስ ሲባል ቀብሩ ለዛሬ ተቀጠረ፤ ትናንት እሑድም ቤቱ በሰው ሞላ። ጎረቤቶች ምግብ ይዘው መጥተው ነበር፤ ሴት ልጃቸው ኩሽናውን ልታስተካክል ገብታ ያን ድስት ስታገኘው፣ ማየት አቅቷት ድንቹን ልትደፋው አነሣች። እትዬ ከበስተኋላዋ «አስቀምጪው፤ በስሎ አልቋል፣ ምን አጠፋ?» አሏት። ነጠላቸውን አውልቀው እጃቸውን ታጠቡ። ልጃቸው ላጠች፣ ከተፈች፣ ዘይቱን ጠብ ጠብ አደረገች፤ እትዬ ከድንቹ ጥቂቱን እየመረጡ አፍረከረኩ። ሲጨርሱ ልጃቸው ሳህኑን ተሸክማ ወደ ሳሎን ስትወጣ እትዬ በኩሽናው ውስጥ እንደሚቀሩ ሁላችንም ስለምናውቅ ማንም ወንበር አላዘጋጀም፤ ማንም አልጠራቸውም።

እትዬ ተከትለው ወጡ። ጋሽ ሚሊ ይቀመጡበት የነበረውን ወንበር ስበው ተቀመጡ። አሥራ አንድ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጧል፣ የቀረውም ቆሟል። ሰላጣ ቀዱ፤ ሹካውን አነሡ፤ እጃቸው ሐዘኑም ተጨምሮበት ከወትሮው ይበልጥ እየተንቀጠቀጠ ሹካው ከሳህኑ ጋር ሲጋጭ ድምፁ በሳሎኑ ሁሉ ተሰማ፤ ጥቂት ድንችም ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ እኛ፣ ሁላችንም፣ ሳንመካከር አቀረቀርን። እትዬም ሹካቸውን ሳያስቀምጡ «ምን ታቀረቅራላችሁ? እዩኝ እንጂ! ያ ሰውዬ ሰባት ዓመት የለፋው ለዚህች ቀን ነው፤ እሱ ባያይ እናንተ እዩለት» አሉን። ቀና አልን። እትዬ እያየናቸው በሉ፤ እኛም እያየናቸው በላን፤ እስኪጨርሱም ማንም ከጠረጴዛው አልተነሣም።

ጋሽ ሚሊ የአርባ ሁለት ዓመት የትዳር አጋራቸውን እትዬን፣ ፋርማሲስት ሴት ልጃቸውን፣ ቀያሽ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ዳቦውን የሚመሰክሩትን ታላቅ እህታቸውንና ሁለት ወንድሞቻቸውን፣ ቁጥራቸው ከጋራዡ መዝገብ የሚበልጥ ደቀ መዛሙርትን፣ እንዲሁም ከእትዬ ጋር በማዕድ የመቀመጡን ሥራ የተረከበ እንጂ ያልጨረሰ ይህን ሁሉ ዘመድና ጎረቤት ትተው አርፈዋል። እትዬ ከቀብሩ በኋላ ሁላችሁም ወደ ቤት እንድትመጡ፣ ጠረጴዛው እንደተዘረጋ መሆኑን፣ በሚመጣው እሑድና ከዚያም በኋላ ባለው እሑድ እንዲሁ እንደሚዘረጋ እንድነግራችሁ፣ እሳቸውም ከእናንተ ጋር ተቀምጠው እንደሚበሉ በዚህ ወረቀት ላይ እንድጽፍ አዘውኛል፤ ጽፌዋለሁ። ሁሉን በልኩ የፈጠረ አምላክ የደከመ ልባቸውን ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር በማዕዱ ዙሪያ ያስቀምጥልን፤ ለእትዬና ለቤተሰባቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።